ሽቦና ክር

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት ውስጥ ጠብ ብዙ ጊዜ የሚወርደው ከላይ ነው። ክሊም (የአየር ማቀዝቀዣ) የገዛ ጎረቤት የማሽኑን ጀርባ ወደ መተላለፊያው ያዞረዋል። ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ከአየሩ እርጥበት እየጠባ በቀጭን ቱቦ ያንጠባጥባል፤ ጠብታው የሚያርፈው ደግሞ ክሊም ያልገዛው ሰው ደጃፍ ላይ ነው። በሰኔና በሐምሌ ቀን ካምሲን አቧራውን ሲያዘንብ ውሎ፣ ሙቀቱም 40 ዲግሪን አልፎ ሲመሽ፣ አንዱ ብርድ ልብስ ደርቦ ይተኛል። ሌላው በላብ ተጠምቆ ያድርና ጠዋት የጎረቤቱን ቅዝቃዜ እጣቢ ረግጦ ይወጣል። ኩሬው ሁለት ክንድ አይሞላም። ቢሆንም በሦስተኛው ሳምንት እናት ትሰደብበታለች፤ በአራተኛው ድንጋይ ይነሣበታል።

ስለ ጥሩ ሥራ ልጽፍ ነው የተነሣሁት። የሐረርን ስፌት፣ የሸማኔን ጥለት፣ የላሊበላን ፍልፍል ያየ ሰው ጥሩ ሥራ ሲገጥመው አያልፈውም፤ ጠጋ ብሎ ስፌቱ የት እንደጀመረ ይፈልጋል። እኔ ጠጋ ብዬ ማየት የምወደው ሥራ ግን ሲያልቅ የሚጠፋ ነው። ኩሬው ይደርቃል፣ ድንጋዩ ከተቀመጠበት አይነሣም፣ ጎረቤትና ጎረቤት ሰላም ይባባላሉ። ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሰፈር ሰላም የሚሠራ ሰው፣ ሽማግሌም ይሁን ፖሊስ፣ ስሙን የሚቀርጽበት ጠርዝ የለውም።

ካርቲየ ሰባት በቡላኦስ ኮሚዩን ውስጥ ነው። ፈረንሳዮች ያገሬውን ሰው ሰፈር ሲቆርጡ ስም ለማውጣት አልደከሙም፤ አንድ ብለው ጀምረው ሰባት ላይ አቆሙ። ጣውላና ቆርቆሮው ቤት ዛሬ በብሎኬት እየተተካ ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ መደገፉ ግን አልቀረም። ጎረቤት ሲያስነጥሰው ካልጋ ሳይነሡ «ይማርህ» ማለት ይቻላል። አንድ መተላለፊያ ላይ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ የየመን ዓረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ ይሰማል፤ የድሬዳዋ ልጅ ከሆኑ ኦሮምኛውንም ይጨምሩበታል። ብዙዎቻችን ኢትዮጵያውያን የመጣነው በባቡሩ መስመር ነው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1897 ከዚህ ከወደቡ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። (እዚህ የምንቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ ዓመቶቹን እንዲሁ እተዋቸዋለሁ።) ሐዲዱ ቡና፣ ቆዳና ጨው ሲያመላልስ ኖሯል፤ ሽምግልናም በዚያው አብሮ ተሳፍሯል ብል አላጋነንኩም።

ወደ ኩሬው ልመለስ። የማን ደጃፍ እንደሆነ አልናገርም፤ ይህ ጠብ የአንድ ቤት ሳይሆን የሰፈሩ ሁሉ ነውና ለምሳሌ ያህል ልያዘው። ጥሩ አስታራቂ መጀመሪያ የሚመርጠው ቃል ሳይሆን ሰዓት ነው። ጫቱ ከኢትዮጵያ ተጭኖ ከተማው የሚገባው በሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ሰው ሁሉ ግንባሩን ቋጥሮ መኪናውን የሚጠባበቅበት ነውና በዚያ ሰዓት ስለ ውሃ የተናገረ ስለ ደም የተናገረ ያህል ነው። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ከተማው ጭር ይላል፤ ወንዱ መብረዝ፣ መቃሚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ዘጠኝ ተኩል ላይ ምርቃናው ይደርሳል፤ ሁሉ የሁሉ ወዳጅ ይሆናል፣ ቃል ይጣፍጣል፣ ሰው ያልተጠየቀውን ይቅር ይላል። ጀማሪ አስታራቂ እዚህ ላይ ይሳሳታል። በምርቃና የተገባ ዕርቅ ማታ ድብርቱ ሲመጣ አብሮ ይፈርሳል። አዋቂው ከዐሥር ሰዓት በፊት ወሬውን ብቻ ያነሣና ይተወዋል። ጉዳዩን የሚጨርሰው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ሰው ሁሉ ከፀሐዩ በፊት ሻሂውን በሚጠጣበት ሰዓት።

ሲመጣም ቀጥ ብሎ ወደ ኩሬው አይሄድም። ጠቡ የማይመለከተውን ሦስተኛ ጎረቤት ቀድሞ ሰላም ይላል፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፣ ስለ ሙቀቱ ያማርራል። ወንበሩን የሚያስቀምጥበት ቦታ ራሱ ሥራ ነው፦ ከሁለቱም ቤት ጥላ ውጭ፣ ለሁለቱም በር እኩል የሚታይ። ከሁለቱም ቤት ውሃ አይቀምስም። እነዚህን ነገሮች ማንም አይነግርህም፤ ስታይ ኖረህ አንድ ቀን ነው የሚገባህ።

ከዚያ ደጃፏ የረጠበባት ሴትዮ ትናገራለች። «አደር፣ ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ…» ብላ ትጀምራለች። አደር ማለት በሶማሊኛ የአባት ወንድም ነው፤ አንዴ አደር ከተባለ በኋላ አጎት ሆኗልና እንደ ዳኛ ሊቆጣ አይችልም። እሷ እየተናገረች አንዱ ከዳር «ሃዬ» ይላል፤ ሐረጉ ባለቀ ቁጥር «ሃዬ»። የእኛ ሰው «እሺ» እንደሚለው ያለ ነው፤ ግን መስማማት አይደለም። ቃልሽ መሬት አልወደቀም፣ ይዤዋለሁ ማለት ነው። ሃዬ የሚባልለት ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም። እንዲህ ርካሽና እንዲህ ጠንካራ መሣሪያ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ስትጨርስ ሽማግሌው የተናገረችውን መልሶ ይናገራል። ጠጋ ብዬ የማየው ስፌት ይህ ነው። ሁሉን ይደግመዋል፤ ቀኑን፣ ጭቃውን፣ ልጇ አንሸራትቶት መውደቁን። ስድቡን ግን አይደግመውም። ስንዴ እንደሚያነፍስ ሰው ገለባውን ነፋሱ እንዲወስደው ይተወዋል፤ ሰፌዱን አንዴ ነካ አድርጎ ፍሬውን ብቻ ወደ መሀል ይሰበስባል። ከዚያ «እንዲህ ነው ያልሽው?» ብሎ ይጠይቃል። «አዎ» ትላለች። አዎ ስትል ሳታውቀው ስድቧን ራሷ ተወችው። ያኛውም ወገን እንዲሁ ይደረግለታል። አሁን መሀል ላይ የቀረው ሁለት ክንድ ውሃ ብቻ ነው፤ ሁለት ክንድ ውሃ ደግሞ ለማንም አይከብድም።

ፖሊሱስ? ፖሊሱ ዘግይቶ ይመጣል፤ ጥሩው ከሆነ ማለቴ ነው። በእግሩ ይመጣል። ቆቡን በብብቱ ይይዛል፤ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ወይም ደረጃው ላይ፣ ብቻ ከሽማግሌው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ማስታወሻ ደብተሩ ኪሱ ውስጥ አለ፤ ሁሉም እንዳለ ያውቃሉ፤ አይወጣም። ደብተሩ ከወጣ ጉዳዩ ወደ ኮሚሳሪያ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄደ፤ ወረቀት ላይ የሰፈረ ቃል ደግሞ እንደ ደረቀ ሲሚንቶ ነው፤ አስተካክለህ የምትለስነው ገና እርጥብ ሳለ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ምን ሠራ? ምንም አልተናገረም፣ ምንም አልጻፈም። ነገር ግን እሱ እዚያ መቀመጡ ለሁለቱም ወገን የነገረው ነገር አለ፤ ከዚህ ወንበር ካለፋችሁ የሚቀጥለው ወንበር የእኔ ነው፣ የእኔን ወንበር ግን አትወዱትም። ኃይል አለው፤ የኃይሉ ውበት በኪሱ መቅረቱ ላይ ነው።

ይህን አቀማመጥ ፖሊስ ትምህርት ቤት ያስተምራል ብዬ አላምንም። ምንጩ ሌላ ነው።

ከሶማሌ ጎሣዎች አንዱ የሆኑት ኢሳዎች ሕጋቸውን ሔር ይሉታል፤ አልተጻፈም፣ በቃል ይወርዳል። ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ አብረው አቅርበውት ዩኔስኮ በዲሴምበር 2024 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ጅቡቲያዊው ዓሊ ሙሳ ዒዬ «የዛፉ ፍርድ» በሚል ርዕስ በፈረንሳይኛ መጽሐፍ ጽፎበታል፤ ዛፉ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበት ነው። ትውፊቱ አርባ አራት ሰዎች ተሰብስበው ሕጉን አንድ በአንድ እንደነደፉት ይናገራል፤ ዛሬም የመጨረሻው ሸንጎ አባላት አርባ አራት ናቸው። አርባ አራት ሲባል የእኛ ሰው የጎንደርን አርባ አራት ታቦት ማስታወሱ አይቀርም፤ ቁጥሩ ለሁላችንም ሙሉነትን ይነግረናል መሰለኝ። ከሁሉ በላይ ኡጋሱ አሉ፤ ከወርዲቅ ጎሣ የሚመረጡ፣ መቀመጫቸው ድሬዳዋ። ኡጋስን «ንጉሥ» ብሎ የሚተረጉም ግን ይሳሳታል። ሕጉን የሚያወጣው ሸንጎው ነው፤ ኡጋሱ አንድነቱ የሚታይባቸው ሰው ናቸው። ኃይል ከአንድ ሰው እጅ እንዳይጠራቀም ተብሎ ታስቦበት የተሠራ ነው። በረሃ ለበረሃ ግመል የሚነዳ፣ ቤተ መንግሥትም ወህኒ ቤትም የሌለው ሕዝብ እንዲህ ያለ ነገር ማሰቡ ያስደንቀኛል፤ ወይም ያሰበው እነዚያ ሁለቱ ስለሌሉት ይሆናል።

ከሕጉ ሁሉ ዓይኔን የሚይዘው ግን የደም ካሣው አሠራር ነው። በሶማሌ ወግ የአንድ ወንድ ደም ዋጋ መቶ ግመል ነው፤ ከተማ ሲገባ በገንዘብ ይተመናል። አንባቢው «በደም ይነገዳል እንዴ?» ሊል ይችላል። ገዳዩ ብቻውን ቢከፍል ኖሮ ንግድ ይሆን ነበር። የሚከፍለው ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ የአባቱ ወገን ሁሉ ተከፋፍሎ ያዋጣል። የአጎቴ ልጅ ትናንት በጩቤ ቢወጋ ዛሬ የእኔ ፍየል ይሸጣል። እንግዲህ የአጎቴ ልጅ ጩቤ ይዞ ሲዞር ባይ ዝም እላለሁ? አልልም፤ እናቱ ሳትሰማ ጠርቼ እገሥጸዋለሁ፣ ጩቤውን እቀማዋለሁ፣ ወደ ገጠር ግመል እንዲጠብቅ እልከዋለሁ። ሳልቀጠር፣ ሳልሠለጥን፣ ደሞዝ ሳይቆረጥልኝ ፖሊስ ሆንኩ። ዓለም ዛሬ «ማኅበረሰብ አቀፍ» እያለ በሥልጠናና በፖስተር የሚፈልገውን ነገር ሔር ከኪስ ጋር አስሮ አገኘው።

ሌላም ጥለት አለበት። ሶማሌው «ቢሪ ማ ጌይዶ» ይላል፤ ብረት የማይነካቸው ማለት ነው። ሴት፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ እንግዳ፣ የሃይማኖት ሰው፣ ለዕርቅ የተላከ መልእክተኛ፤ ጦርነት ቢነድም በእነዚህ ላይ ጦር አይሰበቅም። የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴም የጦርነት ሕግን ለሶማሌዎች ለማስረዳት ሲሞክር ይህንኑ ስም ተውሷል። ጄኔቫ በወረቀት ያሰፈረችውን ግመል ጠባቂው በሦስት ቃል ይዞት ኖሯል።

አፋሮቹ መተላለፊያውን ተሻግረው ነው ያሉት፤ አንዳንዴ ያው ግድግዳ ማዶ። የእነሱም የቃል ሕግ፣ መድዓ፣ አለ፤ ዳጉንማ ማን ያላወቀ አለ? ሁለት ሰው ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚለዋወጥበት ያ ሥርዓት፣ ሐሰተኛ ወሬ ጠብ ሳይጭር የሚከላከል ምርጥ የሰፈር ጥበቃ ነው። ሽማግሌ የወሰነውን የሚያስፈጽመው ደግሞ ፊዕማ ነው፤ የእኩያ ወጣቶች ማኅበር። ጥፋተኛውን የሚቀጡት አብረውት ያደጉ እኩዮቹ ናቸው። በገዛ እኩያ ፊት ማፈር ከማንም ካቴና ይከብዳል።

እኛስ? አውጫጭኝ ነበረን፤ አንዳንዱ አገር አፈርሳታ ይለዋል። ወንጀለኛው ሲሰወር የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ የቀረ ተቀጥቶ፣ አጥፊው እስኪወጣ ድረስ ይቀመጣል። የሚያውቅ ሰው «ወፍ ነገረችኝ» ይላል እንጂ «አየሁ» አይልም። ስለ ወፏ ብልሃት ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር፤ መስካሪው ሳይታይ ምስክርነቱ ይደርሳል። ግን አውጫጭኝን እንደ ጥሩ ሥራ ለማቆላመጥ አፌ እሺ አይለኝም። ገበሬ እርሻውን ጥሎ ስንት ቀን ተቀምጧል? ወፏስ ስንት ጊዜ በቂም በረረች? መሣሪያው ጥሩ ሆኖ የያዘው እጅ ሻካራ ሊሆን ይችላል።

ሻካራ እጅ ካነሣሁ ሽቦውን ሳላነሣ አላልፍም። በኦገስት 1966 ጄኔራል ደ ጎል ጅቡቲን ሲጎበኝ ሕዝቡ ነፃነት እያለ አደባባይ ወጣ፤ ደም ፈሰሰ። ፈረንሳዮቹ ከዚያ በኋላ ከተማዋን በእሾህ ሽቦ ከበቧት፤ ሰው ባራጅ ብሎ ጠራው። ከገጠር የሚመጣው ሽቦው ላይ ቆመ፤ ከሽቦው ማዶ የተከማቸው ጎጆ ባልባላ ሆነ፤ ዛሬ ባልባላ ራሱ ከተማ ነው። ይህም ጸጥታ ማስከበር ተብሏል። ሽቦ ቶሎ ይዘረጋል፣ ከሩቅ ይታያል፣ ማን ከየት ወገን እንደሆነ አያሻማም። ክር ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ አንድ ስህተት ከተፈጠረበትም እስከ ስህተቱ ድረስ መተርተር ያስፈልገዋል። ሽቦው ከነፃነት በኋላ ተነሣ። ሽማግሌው ወንበሩን የሚያስቀምጥበት መንገድ ግን ያኔም ነበረ፣ አሁንም አለ።

በሽቦና በክር መሀል የተገኘ ሰው ኦካል ይባል ነበር። ቃሉ ዓረብኛ ነው፤ አስተዋይ፣ ብልህ እንደማለት። የቅኝ አስተዳደሩ ከየጎሣውና ከየወገኑ ኦካል ሾሞ ደሞዝ ይቆርጥለት፣ የመንግሥትን ቃል ወደ ሰፈር፣ የሰፈርን አቤቱታ ወደ ቢሮ እንዲያመላልስ ያደርገው ነበር። የእኛን ጭቃ ሹም ያስታውሳል። ጥሩው ኦካል ሁለቱንም ወገን እየሰማ ሁለቱንም ያለዝባል፤ መጥፎው የሰፈሩን ምሥጢር ለቢሮ ይሸጣል። ወንበሩ ያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጆሮው ላይ ነው። የሚሰማ ጆሮ አለ፣ የሚያመላልስ ጆሮ አለ።

የዚህችኑ አገር ርእሰ ብሔር ማሰብ ይቻላል። ኢስማዒል ዑመር ጌሌ በ1947 ድሬዳዋ ተወለዱ፤ በ1968 የፈረንሳዮች የመረጃ ፖሊስ ውስጥ ገብተው እስከ ኢንስፔክተርነት ደረሱ፤ ከነፃነት ፈላጊዎቹ ጋር ናቸው ተብለው ከሥራ የተሰናበቱት በ1975 ነው፤ ጅቡቲ ጁን 27 ቀን 1977 ነፃ ወጣች፣ እሳቸውም ከ1999 ጀምሮ ፕሬዚዳንት ናቸው። ከፖሊስ ደብተር ተነሥቶ አገር መምራት ድረስ የተጓዘ ሕይወት ነው። ያ መንገድ ግን የማደንቀው መንገድ አይደለም፤ ክፉ ነው ለማለት ሳይሆን የእኔ ወሬ ስለ ትልቁ ወንበር ስላልሆነ ነው። እኔ የምለው ስለ ጀሪካኑ ነው።

በኢትዮጵያ ማኅበረሰብ አቀፍ የወንጀል መከላከል የሚባለው ሥራ በተስፋፋበት ዘመን ፖሊስ ከጣቢያ ወጥቶ በየቀበሌው ተመደበ። ለየቀጠናው የሚያውቀው ኦፊሰር ሆነለት፤ አማካሪ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ የሌሊት ሮንድ በተራ ተደለደለ፤ ቤተሰብ ራሱን እንዲጠብቅ ታስቦ የቤተሰብ ፖሊስ የሚባልም መጣ። በድሬዳዋ ቀበሌዎች ያሉ ዘመዶች «የእኛ ፖሊስ» ሲሉ ሰምቼ ገርሞኛል፤ በእኔ ልጅነት «ፖሊስ» እና «የእኛ» አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አይገቡም ነበር። ተመራማሪዎቹ ሊሳ ዴኒና ደመላሽ ካሳዬ በ2013 ባሳተሙት ጥናት ይህን መቀራረብ አይተዋል፤ ያው መዋቅር ለቁጥጥርም እንደሚመች ሳያነሡ ግን አላለፉም። አንድ ለአምስት ተደራጅቶ የኖረ አገር ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም። የጎረቤትህን ራስ ምታት የሚያውቅ ሰው የጎረቤትህን ድምፅ አሰጣጥም ሊያውቅ ነው። እንደገና ያው ጆሮ።

ጃፓኖች ኮባን የሚሏት አነስተኛ የሰፈር ፖሊስ ቤት አለቻቸው፤ በቶኪዮ የተጀመረችው በ1874 ነው። ፖሊሱ ቤት ለቤት እየዞረ ነዋሪውን ይተዋወቃል፣ መንገድ ይጠቁማል፣ የጠፋ ጃንጥላ ይቀበላል። ከሁሉ የምወድላቸው አንዲት ነገር አለች፤ ገንዘቡ ጠፍቶበት መሄጃ ያጣ ሰው ኮባን ገብቶ የባቡር መሳፈሪያ ሊበደር ይችላል። መሳፈሪያ የሚያበድር ፖሊስ! ይህን ያሰበ ሰው የሔርን አርባ አራት ሽማግሌዎች ቢያገኝ ይግባቡ ነበር።

ሔርን እስከዚህ ካሞገስኩ እንከኑን ሸፍኜ አላልፍም፤ ጥሩ ዕቃን የሚያደንቅ ሰው ስንጥቁንም ጣቱን ሰዶ ይዳብሳል። ዛፉ ሥር የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው። የሴት ደም የወንድ ግማሽ ሆኖ ኖሯል። በሴት ልጅ ላይ የደረሰ በደል በሁለት ቤተሰብ ስምምነት ሲያልቅ፣ ያለቀው ለቤተሰቦቹ ነው፤ ለልጅቷ አላለቀም። እንዲህ ያለው ነገር ሲመጣ ደብተሩ ከኪስ መውጣት አለበት፤ ማውጣት የማይችል ፖሊስ ትሕትናው ስንፍና ነው። መቼ ጀሪካኑ ላይ እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚነሣ ማወቅ፣ ሙያው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ስንጥቅ እኛን ይመለከታል። የደም ካሣው አጥር ውስጡ ያለውን ይጠብቃል፤ ወገን የሌለውንስ? ከወሎ ወይም ከአርሲ ተነሥቶ፣ ኦቦክ ደርሶ የመን ሊሻገር ሲል ተስፋ ቆርጦ ካርቲየ የቀረ ልጅ ማን ያዋጣለታል? ቤት ሠራተኛ ሆና የገባች ልጅ የስድስት ወር ደሞዟን ብትከለከል አደር የምትለው አጎት የት አላት? የእኛ ሰው በደረሰበት እድርና ማኅበር ይዘረጋል፤ ሲሞት ይቀበራል፣ ሲታመም ይጠየቃል። እድር ግን ቀብር እንጂ ክስ አይችልበትም። ዛፉ ሥር ስትቆም የማን ልጅ ነሽ ትባላለች፤ መልስ የላትም።

ዩኒፎርሙ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ኢሳው ሔር አለው፣ አፋሩ መድዓና ፊዕማ አለው፤ እነሱ ለብዙው ነገር ፖሊስ አይቸግራቸውም። ወገን ለሌለው ግን ወገኑ ያ ቆቡን በብብቱ የያዘ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ካርቲየ ውስጥ አንድን ፖሊስ ስመዝን የምጠይቀው ስንት ሌባ ያዘ ብዬ አይደለም። በመተላለፊያው ሲያልፍ ማንን በስሙ ይጠራል? ባለ ሱቁን በስሙ ቢጠራ ምንም አይደለም፣ ሁሉ ይጠራዋል። ውሃ ቀድታ የምትመለሰዋን ልጅ በስሟ ከጠራት፣ ቆም ብሎም «ከአገር ደወሉልሽ?» ካላት፣ ደሞዟን የያዘባት ሰው በማግስቱ ሁለት ጊዜ ያስባል። አንድ ቃል ነው የተናገረው። ማስፈራሪያ አይደለም፣ ክስ አይደለም፣ መዝገብ ላይ አይገባም፣ ማዕረግ አያስጨምርም። የመንደሩ ጆሮ ሁሉ ግን ሰምቷል፤ ይህች ልጅ የሚያውቃት አላት።

እንዲህ ያለውን ሥራ ወጣቱ ፖሊስ አይወደውም። ሲቀጠር መኪናውንና ሳይረኑን ነው ያየው፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚሮጠውን ያባርራል። ከዚያ አንድ ቀን ያባረረው ልጅ የሻሂ ነጋዴዋ ልጅ ሆኖ ያገኘዋል፤ ሻሂውን ደግሞ በየጠዋቱ የሚጠጣው ከእሷ ነው። እዚያ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሌላ ቦታ ሻሂ መጠጣት ነው። ሌላው ጀሪካን ገልብጦ መቀመጥ። ሁለተኛውን የመረጠ ዓመት ባለፈ ቁጥር ድምፁ እየቀነሰ፣ ሰላምታው እየረዘመ ይሄዳል። ከቤቱ እስከ ኮሚሳሪያ ድሮ በዐሥር ደቂቃ የሚደርሰው ሰው አሁን አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ አለቃው ዘገየህ ይለዋል፤ አልዘገየም፣ ሥራ ላይ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ቆቡን ያስረክባል፤ ወንበሩ ግን ይጠብቀዋል፣ ከሁለቱም ቤት ጥላ ውጭ ያለው። ያን ቀን ዝቅ ብሎ የሚቀመጥለት ሌላ ወጣት ፖሊስ ይመጣ ይሆናል።

ኩሬውን ረሳሁት። የሁለት ክንድ ውሃው ጉዳይ የሚያልቀው እንዲህ ነው፦ ሽማግሌው ክሊም ያለውን «ማሽኑን አጥፋ» አይለውም፣ ያችንም «ቻይው» አይላትም። ወደ ላይ አንጋጦ ጠብታውን ያያል። «ይህ ውሃ ንጹሕ ነው?» ይላል፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። ማንም አይመልስም። ፖሊሱ ከተቀመጠበት ይነሣል፣ የተቀመጠበትን ጀሪካን ያገላብጣል፣ ክዳኑን ፈልጎ ያጣዋል፣ ከቱቦው ሥር ያስቀምጠዋል። ባለ ክሊሙ ቤት ገብቶ የክንድ ቁራጭ ጎማ ይዞ ይወጣል፤ ማንም አላዘዘውም። ማታ ሴትዮዋ ጀሪካኑ ግማሽ ሞልቶ ታገኘዋለች። ጠዋት ደጃፏን ታጥብበታለች።